የደመቀች ቸርኬዎች

ነገሌ ቦረና፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለበላይነህ፣ ናይሮቢ

ይህ ወረቀት ጤናህን አግኝቶ ይድረስህ። እኔና ልጄ እሙሽ በሕይወት አለን፤ ከዚያ አልፌ ደህና ነን ብዬ አልዋሽህም። መርዶ በወረቀት መንገር ደግ እንዳልሆነ አውቃለሁ። መንገዱ ረዝሞብኝ ነው እንጂ ሰው ልኬ ቁጭ ብለህ እንድትሰማው ባደረግሁ ነበር። ባለቤቴ ሻምበል ጉግሳ በጥቅምት ዐረፈ። ጉበቱን ሲያመው ከርሞ አዲስ አበባ ወሰዱት፤ የተመለሰው አስከሬኑ ነው። ጦሩ በክብር ቀብሮታል። አልቅሼ አልጨረስኩም፤ ቢሆንም መጻፍ አለብኝ።

አባቴና እናትህ የአክስት ልጆች ናቸው፤ ሰው ይህን የሩቅ ዝምድና ይለዋል። እኛ ቤት እየበላህ፣ እኛ ቤት እያደርክ ስላደግህ ግን እኔ ሩቅ ብዬህ አላውቅም። ስለዚህ የምጠይቅህን እንደ እህት ተቀበለኝ።

ጉግሳ ከመታመሙ በፊት ክብረ መንግሥት አካባቢ ማዕድን ሲፈልግ ከነበረ ፈረንጅ ላይ አንዲት ፔጆ ገዝቶ ነበር። ጎማዎቿ የተገጠሙባቸው ቸርኬዎች እንደ ሌላው መኪና ቀለም የተቀባ ብረት አይደሉም። አልሙኒየም ናቸው፤ ሲወለወሉ ፊት ያሳያሉ። ፈረንጁ ናይሮቢ እንዳስገጠማቸው ተናግሮ ነበር። ጉግሳ ቅዳሜ ቅዳሜ ዩኒፎርሙን አውልቆ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ በገዛ እጁ ይወለውላቸው ነበር። እንዴት እንደሚያደርገው ጠይቄው አላውቅም፤ የሚሞት አልመሰለኝም።

ከቀብሩ በኋላ መኪናዋ ደጅ ቆማ የነገሌን ቀይ አቧራ ለበሰች። አንድ ቀን ማየቱ አቃተኝና ድስት እንደምፈገፍገው በአመድና በሽቦ አንዱን ቸርኬ ፈገፈግሁት። ጠቆረ፤ ደበዘዘ፤ የአሮጌ ማንኪያ መልክ ያዘ። ደንግጬ ሌሎቹን ተውኩ።

በዚያው ሰሞን የጉግሳ ታላቅ ወንድም ግራዝማች ቢረሳው ከሀገረ ማርያም መጡ። ገና ከመግባታቸው ያንን ቸርኬ አዩት።

«ሴት እጅ የገባ መኪና እንዲህ ነው የሚሆነው» አሉ። «ቁልፉን አምጪ፤ እኔ ዘንድ ይቀመጥ።»

«ቁልፉን አልሰጥም» አልኳቸው።

«ምን ልታደርጊው?»

«መኪናውን ላጥበው።»

ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው። ከወጣ በኋላ ግን የእውነቴን ሆነ። አንተ የመኪና ሰው ነህና ያበላሸሁት የሚድን ከሆነ፣ ያላበላሸሁትም የሚያዝበትን ቶሎ ጻፍልኝ። ምን እንደምትሠራ፣ ማግባት አለማግባትህንም ጨምር።

እህትህ ደመቀች


ናይሮቢ፣ ጥር 27 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ ደመቀች

የሻምበልን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን፤ አንቺንና እሙሽን ያጽናችሁ። እዚህ የለቅሶ ድንኳን የለም፤ ብቻዬን ተቀምጬ አስቤዋለሁ። ለወታደሩ ሁሉ ቁጡ ነበር፤ እኔን ግን አንድም ቀን ክፉ ተናግሮኝ አያውቅም።

ወደ ቸርኬው ልምጣ። የምሠራው በአንድ ሕንዳዊ ጋራዥ ነው፤ የእሽቅድምድም መኪናዎች እዚህ ይገባሉ፤ እንዳንቺዎቹ ያሉ ቸርኬዎች በየቀኑ በእጄ ያልፋሉ። አመድ የአልሙኒየም ጠላት ነው። ይበላዋል። ድስትሽንም ሲበላው ኖሯል፤ ድስት ግን ፊቱን የሚያይለት ሰው የለም። በአመድ የደበዘዘውን መጀመሪያ በብዙ ውኃ እጠቢው። ከዚያ ኮምጣጤ በውኃ አቅጥነሽ በጨርቅ አስነኪው፤ ሳይደርቅ መልሰሽ በውኃ እጠቢው። ከዚያ በጣም የለሰለሰ የብርጭቆ ወረቀት ፈልጊ። ውኃ ውስጥ እየነከርሽ፣ እጅሽን ሳትጫኚ፣ ጭረቱ እስኪጠፋ እሺው። ትዕግሥት ይፈልጋል። ሽቦ ደግመሽ እንዳታስጠጊበት።

ላልተበላሹት ደግሞ የሚጎዳቸው አቧራው ነው። አቧራን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ በአሸዋ መቧጨር ነው፤ መጀመሪያ ውኃ ያውርደው። ከመንገድ እንደገባ ወይም ፀሐይ ላይ ቆሞ ሳለ አትንኪው፤ ይብረድ። ለዘብ ባለ ሳሙና እጠቢ፣ አለቅልቂ፣ በንጹሕ ጨርቅ አድርቂ። ከዚያ ማወልወያ ቅባት በትንሹ። ካጣሽ ወታደሮቹ የቀበቶ ዘለበት የሚያበሩበት ይሆናል። ስትወለውዪ ጨርቁ ጥቁር ቢሆን አትደንግጪ፤ እድፍ አይደለም፣ ከራሱ ከአልሙኒየሙ የሚወጣ ነው። አንዱን ቸርኬ ሳትጨርሺ ወደ ሌላው አትሂጂ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ አትቆጪኝ። ግራዝማችም ካንቺ ቀድመው ጽፈውልኛል። የመኪናው ነገር ቤተሰቡን እንዳይለያይ ይሰጋሉ። አንቺ ኀዘን ላይ ነሽ፣ ልጅ ታሳድጊያለሽ፤ መኪና ደግሞ ጣጣው ብዙ ነው። ቁልፉን ብትሰጫቸውና ሰላም ብታገኚ ምን ይመስልሻል?

ሥራዬ ደህና ነው። አላገባሁም።

ወንድምሽ በላይነህ


ነገሌ ቦረና፣ የካቲት 30 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለበላይነህ

ሰላም ላንተ ይሁን። ደብዳቤህ ደረሰኝ። ስለ ቸርኬው የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ስለ ቁልፉ የጻፍከውን አንዴ አንብቤ ያም በዛብኝ።

ከእኔ ደብዳቤ በፊት የግራዝማች ደርሶህ ኖሯል። ስለዚህ መርዶውን ሰምተህ ዝም ብለህ ቆይተሃል። ለምን ብዬ አልጠይቅህም፤ ማወቄን እወቀው ብዬ ነው።

ሰላም አግኚ አልከኝ። ግራዝማች የመጡ ቀን ሬዲዮኑንና የጉግሳን ካፖርት ጭነው ሄደዋል፤ ለሰላም ብዬ ዝም አልኩ። በሚቀጥለው ወር የጓሮውን በር ነቅለው ለመውሰድ ሰው ላኩ። ለእሳቸው ሰላም ማለት እኔ ዝም የምልበት ጊዜ ነው። አሁን ደግሞ ከስሰውኛል። «መኪናው በባልቴት እጅ እየተበላሸ ስለሆነ ሳያልቅ በእኔ ጠባቂነት ይቀመጥ» ብለው ለአውራጃው ፍርድ ቤት አመልክተዋል። ለማስረጃ የጠቀሱት ያቺን በአመድ ያበላሸኋትን ቸርኬ ነው።

እንዳልከኝ አደረግሁ። የብርጭቆውን ወረቀት ከአናጢው፣ ቅባቱን ከጦሩ ግቢ ከአንድ የጉግሳ ባልንጀራ አገኘሁ። መጀመሪያ ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ ክንዴ ዝሎ ላቆም ስል ከጠርዙ በኩል ብርሃን ወጣ። በርጩማው ላይ ተቀምጬ፣ ጥቁር ልብሴን እንደ ለበስኩ፣ አለቀስኩ። የጎረቤት ሴቶች አዩኝ። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ «የባሏ አፈር ሳይደርቅ መኪና ታበራለች» ሲባል በጆሮዬ ሰማሁ። ወደ ሴቶቹ ዞሬ፣ «ቅዳሜ ኑ፤ ሌሎቹን እናንተው ፊት አበራቸዋለሁ» አልኳቸው። አልመጡም፤ ግን በዚያ በኩል የሚያልፈው ሰው በዛ።

ሌላም አለ። መንዳት እየተማርኩ ነው። ጂሎን ታስታውሰዋለህ፣ የጦሩ ሾፌር የነበረውን ቦረና? ጡረታ ወጥቷል። ከከተማው ወጥተን ሜዳው ላይ ያስነዳኛል። ማርሽ ሳስጮኽበት አይቆጣም። «ሱታ፣ ሱታ፤ ቀስ በይ፤ ሞተሩ አያመልጥሽም» ይለኛል። ከብት የሚነዱ ሰዎች ቆመው ያዩናል። «አካም፣ ናጋ?» እያሉ ሰላም መሆናችንን ይጠይቁናል፤ ጂሎ «ናጋ» ይላል፤ እኔም መሪውን ጨምድጄ ይዤ «ናጋ» እላለሁ።

ግራዝማችን ካሁን ወዲያ «መጡ፣ አሉ» ብዬ አልጽፍም። መጣ፣ አለ ብዬ ነው የምጽፈው። አንተ እንደ ፈቀድክ ጻፍ።

ደመቀች


ናይሮቢ፣ ግንቦት 9 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለእትዬ ደመቀች

እንዴት ሰነበትሽ? እሙሽስ? ዝናቡ በሞያሌና በሜጋ በኩል መንገዱን ቆርጦት ደብዳቤሽ ዘገየ፤ መልሴም እንዲሁ።

ስለ ቁልፉ የጻፍኩትን ሰርዢው። ለግራዝማች ሌላ ጻፍኩለት፤ «መኪናው የእሷና የልጇ ነው፤ ለእኔ ደግመህ አትጻፍ» አልኩት። አንቺ «መጣ» ካልሽ እኔም «መጡ» አልልም።

ፍርድ ቤቱ መኪናውን አያለሁ ካለ በዋዜማው አትወልውዪው፤ በዕለቱ ጠዋት ይሁን። አቧራው አያድርበት። ከወለወልሽ በኋላ ንጹሕ ሰም በለስላሳ ጨርቅ ስስ አድርገሽ ቀቢው፤ የቦረና ማር ሰም ካገኘሽ አጣሪው። ቡሎኖቹ የሚገቡባቸውን ቀዳዳዎች አትርሺ፤ የማያውቅ ሰው ፊቱን ያበራና ቀዳዳው ውስጥ ጭቃ ይተዋል፤ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እዚያ ነው። የቸርኬውንም ጀርባ እጠቢ። ከፍሬኑ የሚወጣው ጥቁር ዱቄት እዚያ ይጠራቀማል፤ ቆይቶ ብረቱን ይነክሰዋል።

ደብዳቤ ስትልኪ በጋራዡ አድራሻ አትላኪ። ከታች የጻፍኩልሽ የአንድ ወዳጄ ሱቅ ነው፤ በዚያ ይሻላል።

ወንድምሽ በላይነህ


ነገሌ ቦረና፣ ሰኔ 24 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለበላይነህ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፍርዱ ሆነ፤ እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ዳኛው መኪናው ፍርድ ቤት ግቢ ይቅረብ ብለው አዘዙ። ከዚያ በፊት ወደ ጠቅላይ ግዛቱ ከተማ ሄጄ ተፈትኜ መንጃ ፈቃድ አውጥቼ ነበር። ከጂሎና ከእሙሽ በቀር ለማንም አልነገርኩም። በዕለቱ ጠዋት እንዳልከኝ አጠብኩ፣ ወለወልኩ፤ የቡሎኖቹን ቀዳዳ በጣቴ ጨርቅ ጠምጥሜ አጸዳሁ። ሰሙን ለመቀባት ግን ጊዜ አልበቃኝም። ጂሎን ከጎኔ አስቀምጬ ነዳሁ። ማልደን ስለደረስን ግቢው ውስጥ ማንም አልነበረም።

ዳኛው ወጥተው መኪናውን ዞሩት። ቢረሳው ነጭ መሐረብ አወጣና ጎንበስ ብሎ አንዱን ቸርኬ ጠረገው። መሐረቡ ጠቆረ። ከፍ አድርጎ ለሰው አሳየ።

«ይኸው ንጽሕናው» አለ። «ላዩን ቀብታ ነው ያመጣችው።»

«እድፍ አይደለም፤ ከአልሙኒየሙ የሚወጣ ነው» አልኩ። የጸሐፊውን የአልሙኒየም ሻይ ማንቆርቆሪያ ክዳን አስመጣሁና በያዝኩት ቅባት አሸሁት፤ ጨርቁ ያው ጠቆረ። ዳኛው ግን ፊታቸው አልተለወጠም።

«እኔ ብረት አላውቅም» አሉ። «የማውቀው መኪና ሳይነዳ ሲቆም እንደሚበላሽ ነው። ይህን ማን ነድቶ አመጣው?»

«እኔ» አልኩ።

ቢረሳው ሳቀ። «ነድቶ ያመጣው ጂሎ ነው፤ ጠይቁት።»

ጂሎ፣ «ጌታዬ፣ እኔ ተሳፋሪ ነኝ» አለ።

«እንግዲያስ ብቻሽን ንጂው፤ እንይ» አሉኝ።

ገብቼ አስነሳሁ። ሞተሩ ጠፋብኝ። ሰዉ ሳቀ፤ ጆሮዬ ጋለ። ጂሎ ከውጭ «ሱታ» አለ፣ ቀስ ብሎ። ደግሜ አስነሳሁ። ግቢውን ዞርኩ፤ በዳኛው ፊት አለፍኩ፤ ቢረሳው መሐረቡን እንደ ያዘ ከመንገዴ ዘወር አለ። መቆም ነበረብኝ፤ አልቆምኩም። በበሩ ወጥቼ ገበያውን ዞሬ፣ ያቺ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ያማችኝ ሴት ቤት ፊት ጡሩምባ ነፍቼ ተመለስኩ። ዳኛው፣ «ግቢውን ነበር ያልኩሽ» አሉ። ቀጥለውም መኪናው ለልጅቱ የአባቷ ውርስ ነው፣ እናቷ ትጠብቅላት፣ ትሥራበት ብለው ወሰኑ። ቢረሳው ይግባኝ እላለሁ ብሏል። ይበል።

አሁን ወደ ወደራ ከተማ ሰው አመላልሳለሁ። ባለፈው ሳምንትም የታመመች ሴት ይዤ እስከ ሜጋ ሄጄ ነበር፤ ስመለስ ጨው የጫኑ ሰዎች አሳፈርኩ። ጆንያው ረጥቦ ኖሮ ውኃው ወደ ኋላ ጎማ ወረደ። ዛሬ ቸርኬው ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ አየሁ። መድኃኒቱን ንገረኝ።

ስለ ራስህ ግን መቼ ነው የምትነግረኝ? አድራሻህን ለወጥክ፤ ምክንያቱን አልጻፍክም። ጉራቻ የሚባል የከብት ነጋዴ ናይሮቢ ደርሶ መጥቷል። በላይነህን ገበያ ውስጥ ጆንያ ተሸክሞ አየሁት ይላል። ተሳስተሃል አልኩት። ተሳስቷል?

እህትህ ደመቀች


ናይሮቢ፣ ነሐሴ 18 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለእትዬ ደመቀች

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ገበያ ዞረሽ መመለስሽን ሳነብ ሱቁ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ባለሱቁ ምን ሆነ ብሎ ወጣ።

ጨው ከአመድም የከፋ ነው፤ ነጠብጣቡ ካደረ ጉድጓድ ይሆናል። በንጹሕ ውኃ ደጋግመሽ እጠቢው፤ ከዚያ ኮምጣጤውን እንደ በፊቱ አቅጥነሽ፤ ከዚያ ወልውለሽ ሰም። ጨው የያዘ ሰው ስታሳፍሪ ከታች ሸራ አንጥፊ።

ጉራቻ አልተሳሳተም። ያየኝ እኔን ነው። ሕንዳዊው ጋራዡን ሸጦ ከአገር ወጣ። መርዶውን ከግራዝማች የሰማሁት ሠራተኛው ሁሉ ሊበተን ነው በተባለበት ሰሞን ነበር፤ ስለ መርዶው ብዕር አንስቼ መልሼ የማስቀምጠው የራሴን ሳልነግርሽ ያንቺን ማጽናናት ስላቃተኝ ነው። እዚህ አዲስ ሕግ ወጥቷል፤ የውጭ ሰው ያለ ፈቃድ አይሠራም። አመለከትኩ፤ አልተሰጠኝም። አሁን እስከ መስከረም መጨረሻ አገሩን ልቀቅ የሚል ወረቀት ተሰጥቶኛል።

ጓደኞቼ ተደበቅ ይሉኛል። ወጣት ሆኜ የመጣሁት በከብት መኪና ላይ ተሸሽጌ ነው፤ ተሸሽጌ አልወጣም። ወረቀቱን ይዤ፣ ፂሜን ተላጭቼ፣ በሞያሌው የጠረፍ ፍተሻ በር እወጣለሁ። የመፍቻ ሣጥኔን ግዛን ብለው ለምነውኝ አልሸጥኩትም፤ ጆንያ የምሸከመው እሱን ላለመሸጥ ነው።

ነገሌ ግን አልመጣም። ይህን ሁሉ ዘመን ቆይቼ ባዶ እጄን ገብቼ ያቺ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ያለችው ሴት አፍ ውስጥ አልወድቅም። ያንቺም መኪና አጣቢ አልሆንም። ሞያሌ ወይም ሌላ ቦታ አላጣም። አትለምኚኝ።

በላይነህ


ነገሌ ቦረና፣ መስከረም 14 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለበላይነህ

እንኳን ዘመን ተለወጠልህ። ይህን ወረቀት ጉራቻ በእጅህ እንዲሰጥህ አስምዬዋለሁ፤ ፖስታ ቤት አላመንኩም።

አልለምንህም። መኪናዬን የሚያጥብም አልፈልግም፤ የማጥበው እኔ ነኝ፤ አንተ ነህ ያስተማርከኝ። የምፈልገው ከውስጥ የሚያውቃትን ሰው ነው። ከወደራ ስመለስ ከሞተሩ በኩል የሚያንኳኳ ድምፅ ትሰጠኛለች። ጂሎ ቆሞ ያዳምጣትና «ይኼን አላውቅም» ይላል። ከጦሩ ግቢ ውጭ መኪና የሚፈታ ሰው በዚህ ከተማ የለም። ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ያለውን የጉግሳን ባዶ ቦታ በቆርቆሮ አሳጥሬዋለሁ። ባዶ እጄን አልገባም ብለሃል። እጅህንና ሣጥንህን ይዘህ ና፤ ሌላ የጠየቀህ ሰው የለም።

ቢረሳው ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር። «የሙት ዓመቱ ሳይወጣ ባልቴት ጠረፍ ድረስ መኪና ነድታ ወንድ ልትቀበል ነው ተባለ፤ ይህ ለቤተሰቡ ነውር ነው፤ ቅሪ» አሉኝ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ ለጂሎ ጓሮ ውስጥ ነበር ያወራሁት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉግሳን የሚወዱት የነፍስ አባቱ ናቸው፤ እሳቸውን አክብሬ ቆሜ ሰማኋቸው። ሲጨርሱ፣ «አባቴ፣ የምሄደው ወንድሜን ላመጣ ነው። ለሙት ዓመቱ እደርሳለሁ፤ ድንኳኑንም እሱ ነው የሚተክልልኝ» አልኳቸው። ሲወጡ መኪናዋን በመስቀላቸው ባረኩና ሌሎቹን ሳይጠብቁ ሄዱ።

እሙሽን ለጂሎ ሚስት ትቻለሁ። መስቀል እንደዋለ እነሳለሁ፤ ሜጋ አድሬ ሞያሌ እገባለሁ። ከፍተሻው በር በዚህኛው ወገን፣ ሰው በሚያየኝ ቦታ እቆማለሁ። እስክትወጣ አልንቀሳቀስም፤ ከኋላዬ ማንም ጡሩምባ ቢነፋ።

ሣጥንህን ከኋላ እንጭነዋለን፤ አንተ ከፊት ከጎኔ ትቀመጣለህ። ሞተሩን ጆሮህን ጥለህ ታዳምጣለህ፤ መንገዱን ሁሉ ልትመክረኝ ትችላለህ። መሪውን ግን አልሰጥህም።

እህትህ ደመቀች